በለቅሶ ቤት ደጅ ስጠና

መቱ ውስጥ የእኔን ያህል ለቅሶ የደረሰ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቄሶቹም አይበልጡኝም፤ እነሱ የክርስቲያኑን ብቻ ነው፣ እኔ የሙስሊሙንም ደርሻለሁ። የመቱው ሲያልቅ ሁሩሙ ሄጃለሁ፣ ያዮ በሚኒባስ ተንገላትቼ ሄጃለሁ፣ አንድ ጊዜም ዳሪሙ ድረስ የመንገዱን እኩሌታ በእግሬ ጭቃ ረግጬ፣ በሕይወት ሳሉ አይቻቸው ለማላውቃቸው ሽማግሌ አልቅሼ ተመልሻለሁ። ይህን ሁሉ ያደረግሁት ደግ ስለሆንኩ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይደክመኝም ነበር። ያደረግሁት የልጆች መጽሐፍ ላይ ሥዕል የምሠራበት በር እንዲከፈትልኝ ነው።

በቅርቡ ሥዕል የጀመረች አንዲት ልጅ፣ "ሰው እንዴት ያዝሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። የእሷ እኩዮች ሥራቸውን ቴሌግራም ላይ ይለቃሉ፤ የሚያደንቃቸው ሞልቷል፣ ሥራ የሚሰጣቸው ግን ከየት እንደሚመጣ አያውቁም። "ረጅም ነው" አልኳት። ሳልዋሽ ብናገር፣ ደክሞኝ ነው። ደግሞም አፌን ሞልቼ የምመክረው ነገር የለኝም።

ወላጆቼ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው። ትምህርቴን እንደጨረስኩ የሱቅ ማስታወቂያ በቀለም የሚጽፉ የአባቴ ወዳጅ ዘንድ ገባሁ። ጋሼ ነው የምላቸው። እሳቸው ፊደሉን፣ እኔ ሥዕሉን እንሠራ ነበር፤ ለፀጉር ቤት መቀስ፣ ለሥጋ ቤት በሬ፣ ለክሊኒክ መርፌ የያዘች ነርስ። ከላይ በኦሮምኛ፣ ከታች በአማርኛ ይጻፋል፤ መሐሉ የእኔ ነው። አንድ ባለ ሥጋ ቤት የሳልኩለትን በሬ አይቶ፣ "ይሄንንማ ማረድ ያሳዝናል" ብሎኛል። ያን ቀን ስስቅ ዋልኩ። ልቤ ግን መጽሐፍ ላይ ነበር። እሑድ እሑድ ያዮ አክስቴ ዘንድ እሄድና ጫካ ውስጥ ቁጭ ብዬ እስል ነበር። ቡና የሚለቅሙ ሴቶችን፣ ጉሬዛዎቹን፣ በገመድ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ የሚሰቅለውን የአክስቴን ባል እስላለሁ። የመቱ ዝናብ ደግሞ ወረቀት አያስቀምጥም፤ ቤት ውስጥ ያለው ሳይቀር ይረጥብና ይጠቀለላል። ሥዕሎቼን ክላሰር ውስጥ አድርጌ ከፍራሼ ሥር ነበር የማሳድራቸው።

አንድ ጊዜ ክላሰሬን ታቅፌ አዲስ አበባ ሄድኩ። መጽሐፍ የሚያሳትም አንድ ቢሮ በር ላይ ጥበቃው፣ "ከማን ጋር ነው ቀጠሮሽ?" አለኝ። ለምኜው ስገባ ጸሐፊዋ፣ "ማን ልኮሽ ነው?" አለችኝ። ማንም አልላከኝም። ከሁለቱ አንዳቸውም "ምን ይዘሻል?" አላሉኝም። ግማሽ ቀን ተቀምጬ ክላሰሬ ሳይከፈት ወደ መቱ ተመለስኩ።

ጋሼ ሲሰሙ አላዘኑልኝም፤ ይልቁንም ተቆጡኝ። "ማን ያውቅሻል ብለሽ ነው የሄድሽው? ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ!" አሉኝ። የእሳቸው ትምህርት አንድ ብቻ ነበር። ሰው በሠርጉ የመጣለትን ይረሳል፤ በለቅሶው የመጣለትን ግን አይረሳም ይሉ ነበር። "ሥራሽን አታሳዪ። ፊትሽን አሳዪ። ፊትሽን ከለመዱት ሥራሽን ራሳቸው ይጠይቁሻል።" ይህ በማስታወቂያ ሥራ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ባለ ሥጋ ቤቱን ያገኘነው የአባቱ ለቅሶ ላይ ድንኳን ስንተክል ነው። ባለ ክሊኒኩን ያገኘነው የባለቤቱ እናት ሲሞቱ ውሃ በጀሪካን ስናመላልስ ነው። በስምንተኛው ቀን፣ ባላሰብነው ሰዓት፣ "ጋሼ፣ የእኛ ቤት ማስታወቂያ እኮ ደበዘዘ" ይባላል። ጋሼም ምንም እንዳልጠበቁ ሰው፣ "እንዴ፣ ደበዘዘ እንዴ?" ይላሉ።

ከዚያ የባነር ማተሚያ መጣ። በሬውም፣ ነርሷም፣ መቀሱም ከኮምፒውተር እየወጡ ላስቲክ ላይ ታተሙ፤ ጋሼ ብሩሻቸውን ጠቀለሉ፣ እኔም ፎቶ ቤት ገባሁ። ቀኑን ሙሉ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ስቆርጥ እውል ነበር። የቀረኝ ተስፋ መጽሐፉ ነበር። እሱም ካልሆነ ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ፊት ስቆርጥ ልኖር ነው ብዬ ፈርቼ ነበር።

አንድ ጠዋት ጋሼ ዝናብ የመታው ኮታቸውን እያራገፉ ፎቶ ቤቱ ገቡ። ሁሩሙ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ የነበራቸው እናት አርፈዋል። እኚህን ሴትዮ በሩቁ አውቃቸዋለሁ፤ የሱቃቸውን ማስታወቂያ የሠራን ጊዜ፣ "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ከመሰላሉ እንዳትወድቂ" እያሉ ከሥር ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ጋሼ የመጡት ግን ለእሳቸው ብለው አይደለም። ሴትዮዋ አዲስ አበባ የልጆች መጽሐፍ የምታዘጋጅ ልጅ አለቻቸው፤ ይህን ሁለታችንም ከቆየ እናውቃለን። "ልጅቷ እየመጣች ነው፤ ነጠላሽን አዘቅዝቂና ተነሺ" አሉኝ።

"ክላሰሩንስ?" አልኳቸው።

"አበድሽ? ለቅሶ ቤት ክላሰር ይዞ የሚሄድ ማን አለ?"

ሦስት ቀን አገለገልኩ። ሳህን አጠብኩ፣ ንፍሮ አቀረብኩ፣ ለእንግዳ አግዳሚ ወንበር አመላለስኩ። መጀመሪያ ቀን ሳለቅስ ለማን እንደማለቅስ ጠፍቶኝ ነበር። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእኔ እንባም አልገደደም፣ ከየት እንደመጣ ግን ዛሬም አላውቅም። ከመሰላሉ ሥር ቆመው የጠበቁኝ ትዝ አሉኝ። ከዚያ ልጃቸው ከመኪና ስትወርድ አየሁና፣ "እሷ ናት" አልኩ በሆዴ። እንባዬን ሳልጠርግ ነው እንዲህ ያልኩት።

ከእኔ አሥር ዓመት ያህል ትበልጣለች። ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ የአገሩን ለቅሶ የረሳች ሴት ነበረች። ሴቶቹ እየመጡ ሲያለቅሱባት መቀመጥ መቆሙ ይጠፋባታል። በሁለተኛው ቀን ምንም እንዳልቀመሰች አየሁና ወደ ጓሮ ወስጄ በግድ አጎረስኳት። እየበላች ማልቀስ ጀመረች። እናቷ ማታ ማታ የያዮን ጫካ ተረት እንደሚያወሩላት፣ ንብ ስለተከተለ አንድ ሰው የሚናገር እንደነበረ ነገረችኝ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣ "አንቺ ለእናቴ ምኗ ነሽ?" አለችኝ።

"ምንም። እንዲሁ ነው የመጣሁት" አልኳት።

እጄን ይዛ ሳመችው። እጄን እንዳልነጥቃት አፈርኩ፣ እንዳልተወው ደግሞ ከበደኝ።

በሠልስቱ ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሳለ እሷ ከመሐል ተነሥታ ተናገረች። የእናቷን ተረት መጽሐፍ ልታደርገው ነው። "ጫካውን የሚያውቅ፣ ሥዕል የሚችል ሰው እዚህ አገር አታውቁም?" አለች። የያዝኩትን የንፍሮ ሳህን አስቀመጥኩ። ጋሼ ከእሷ ሦስተኛው ሰው ሆነው ተቀምጠዋል። ዓመታት ሙሉ ጭቃ የረገጥኩት ለዚች ጥያቄ ነው።

በእኛ አገር ግን "እኔ አለሁ" አይባልም። ሌላ ሰው ነው "እሷ ትችላለች" የሚልልሽ። አንቺ፣ "ኧረ እኔ ምን እችላለሁ" ትያለሽ፤ ደግሞ ይሉሻል፣ ደግሞ እንቢ ትያለሽ፤ በሦስተኛው አንገትሽን ትደፊያለሽ፣ ሥራውም የአንቺ ይሆናል። ራሱን የሚያመሰግን ሰው ሌላ የሚያመሰግነው ያጣ ነው፤ እንዲያ ነው ያደግነው። እናም ጋሼን አየኋቸው። ጋሼ መዳፋቸውን እያገላበጡ ተመለከቱና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንጠይቃለን" አሉ።

ከድንኳኑ ውጭ ኮታቸውን ይዤ አቆምኳቸው። "ምነው ጋሼ? ምን አደረግሁዎት?"

"በለቅሶ ቤት ሥራ አይለመንም። ለሥራ ብለው ነው የመጡት ብትል ምን ይውጠናል? አርባው ይውጣ።"

"ለሥራ ብለን አይደለም እንዴ የመጣነው?"

"እሱማ ነው" አሉ ጋሼ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ግን አይባልም።"

አርባው ሲደርስ እሷው ራሷ ደወለችልኝ። ከዘመዶቿ ሁሉ አስቀድማ ለእኔ ነው የደወለችው። ድግሱን አንቺ ያዢልኝ አለችኝ፤ ያዝኩላት። የሚጠመቀውን አስጠመቅሁ፣ ወጥ የሚሠሩትን ሴቶች ሰበሰብኩ፣ ድንኳኑን ከእድሩ አስመጣሁ። ጋሼ በዚያም ቀን፣ "ሐዘኑ ገና ትኩስ ነው፤ ሙት ዓመቱ ይውጣ" አሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አሉኝ ደግሞ። የእኔ እንቁላል እግር ሳያወጣ ሊገማ ነው ብዬ መለስኩላቸው፤ አልሳቁም። ከጥቂት ወር በኋላ ጉልበታቸው አላስኬድ ሲላቸው ልጃቸው ጅማ ወሰደቻቸው። እንደ አባት ስለማያቸው አለቀስኩ፤ ስለ እኔ የሚናገርልኝ አፍም አብሮ ጅማ ሄደ።

የሟቿ ልጅ ግን በየእሑዱ ትደውልልኛለች። መጀመሪያ "እትዬ፣ እርስዎ" ስላት ተቆጥታ፣ "አንቺ በይኝ፣ እህቴ አይደለሽ?" አለችኝ። አሞኝ ስተኛ መድኃኒት በአውቶቡስ ላከችልኝ። እኔም የያዮ ማርና የእናቷን ዓይነት በርበሬ እልክላታለሁ። ስለ ባሏ ነገረችኝ፣ ስለማይወዷት የቢሮ ሰዎች ነገረችኝ። "ሥራ እንዴት ነው?" ስትለኝ፣ "ደህና ነው፣ ፎቶ እንቆርጣለን" እላታለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው። በየሳምንቱ ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ስልኩን አነሣለሁ፤ በየሳምንቱ የበለጠ እህት ሆነን እንዘጋዋለን። ባዕድ ብትሆን እኮ እጠይቃት ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ እውነት ነው፣ እንጀራም አይገባም።

ደግሞ መዋሸት አልፈልግም፤ ወድጃትም ነበር። እንዲያውም አንዳንድ እሑድ ክላሰሩ ጨርሶ ትዝ ሳይለኝ ያልፋል።

ሙት ዓመቱ መጣ። ሁሩሙ ግቢያቸው ውስጥ እንግዳው በልቶ ከተበተነ በኋላ፣ ከሰዓት ላይ፣ እኔና እሷ በረንዳው ላይ እግራችንን ዘርግተን ተቀመጥን። ከቦርሳዋ አንድ መጽሐፍ አወጣች። "ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ነው። ለማንም ሳላሳይ ለአንቺ አመጣሁት" አለችኝ። የእናቷ ተረት ነው፤ ስማቸው ሽፋኑ ላይ ተጽፏል። ገለጥኩት።

ቡናው ሜዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንደ በቆሎ በመስመር ተተክሏል። ቀፎው ሣር ላይ ቁጭ ብሏል። ንብ የተከተለው ሰውዬ ቆዳ ጫማ አድርጓል። ሥዕሉ መጥፎ አልነበረም፤ እጁ የተፈታ ሰው የሠራው ነው። ያዮን ግን አንድ ቀንም አላያትም። ደሜ ፈላ። ሦስት ቀን የታጠበው ሳህን፣ አርባው፣ ማሩ፣ በርበሬው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ትዝ አለኝ።

"ይሄ የየት አገር ንብ ነው?" አልኳት። "ቀፎ መሬት ላይ? እናትሽ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?"

ደነገጠች። "ሠዓሊው የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ምን ላድርግ? ድንኳን ውስጥ ቆሜ ጠይቄ የለ? አንድ ሰው አልመለሰልኝም እኮ!"

"ቆይኝ" አልኳትና ተነሣሁ። በተገኘው ሚኒባስ መቱ ገብቼ ክላሰሩን ከፍራሼ ሥር አውጥቼ፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ በዝናብ ተመለስኩ። በረንዳው ላይ እዚያው ቦታ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ክላሰሩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩላት።

መጀመሪያ ፊቷ በራ። ያን ፊት አልረሳውም። ገመዱን ይዞ ዛፍ ላይ የሚወጣውን ሰውዬ ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "ይሄ ነው! እማዬ የምትለው ይሄ ነው እኮ!" አለች። ጉሬዛውን ስታይ ሳቀች። አንድ ገጽ፣ ሌላ ገጽ። ከዚያ ገጽ የምትገልጥበት እጇ እየዘገየ መጣ።

"መቼ ነው የሳልሽው?"

"ቆይቷል።"

"እማዬ ሳታርፍ በፊት?"

"አዎ።"

"እኔ ምን እንደምሠራ ታውቂ ነበር?"

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይመታል። "አውቅ ነበር" አልኳት።

መነጽሯን አወለቀች። "እንዲሁ ነው የመጣሁት ብለሽኝ ነበር። ጓሮ ውስጥ፣ ስታጎርሺኝ። ለዚህ ነው የመጣሽው?"

ሌላ ሰው የሚመልስልኝ ይመስል ዞር ዞር አልኩ። አይደለም ብላት ታምነኝ ነበር፤ ማመን ትፈልግ ነበር። ግን ደክሞኛል። አንድ ዓመት ሙሉ ያቺን "እንዲሁ" ተሸክሜ ስዞር ደክሞኛል።

"የመጣሁት ለዚህ ነው" አልኳት። "ከዚያ በኋላ ያለው ግን ለዚህ አይደለም።"

"የትኛው የትኛው እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ?" አለች። አልጮኸችም። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አስተካክላ ክላሰሩን ዘጋች፤ ማሰሪያውን ራሷ አሰረችው። "ሥራሽ ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። እንደማንኛውም ሰው ለቢሮው ላኪው። የሚመርጡት ሌሎች ናቸው፤ እኔ አልገባበትም።"

ላክሁት። እሷ እንዳለችውም አልገባችበትም፤ ደብዳቤውን የፈረመው የማላውቀው ሰው ነው። ስለ አንዲት ጉሬዛ የሚያወራ ትንሽ መጽሐፍ ሰጡኝ። ስድስት ወር ፈጀብኝ። ታትሞ መቱ ሲደርሰኝ፣ ስሜን ከደራሲው ስም ሥር ሳየው፣ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ባለቤቱ የሰው መርዶ የደረሰኝ መስሎት ወንበር ሰጠኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ለጋሼ ጅማ ደወልኩላቸው፤ "አየሽ? አላልኩሽም? ሰው ማወቅ ነው!" አሉኝ። ልከራከራቸው አቅም አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ሁለት መጽሐፍ ሠርቻለሁ፤ ሌላም ይመጣል ብለውኛል።

እሑድ ሲመጣ ግን ስልኬ ዝም አለ። እኔ ስደውል ታነሣለች፤ በትሕትና ጤናዬን ትጠይቀኛለች፣ ሥራ በዝቶብኛል ብላ ትዘጋለች።

ሁለተኛው ሙት ዓመት ሲደርስ ማንም ድግሱን ያዢልኝ አላለኝም። ሳልጠራ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም፤ ሥራውን አግኝቻለሁ፣ የምጠይቀው የለኝም። ይህን አይታ ታውቅልኛለች ብዬ ነበር መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት። ግቢው ሞልቷል። እሷ በር ላይ ቆማ እንግዳ ትቀበላለች። ሦስት ጊዜ ሳመችኝ፣ "እንኳን መጣሽ" አለችኝ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ወደ ጓሮ አልፌ ከተከመረው ሳህን ላይ አነሣሁ።

ከኋላዬ መጥታ ሳህኑን ከእጄ ላይ ቀስ አድርጋ ወሰደችው። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር እመርጥ ነበር።

"ተይ፣ አንቺ እንግዳ ነሽ" አለችኝ። "ግቢና ተቀመጪ።"

ድንኳኑ ውስጥ፣ ከፊት፣ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ቦታ ለቀቁልኝ። የማላውቃት ልጅ ማስታጠቢያ ይዛ መጣች። ነጠላዬን ከወገቤ ፈታሁ፤ እጄን ታጠብኩና ተቀመጥኩ።